አህያውን ፈርቶ ዳውላውን፦ «ወጥ ቤት የሌለው መጠጥ ቤት ፈቃድ አያግኝ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከደሴ እስከ ወልዲያ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ለእኔም ከተለያዩ ወዳጆች ደርሶኛል፤ የላኩልኝ ሁሉ «እውነታቸውን ነው» የሚል ቃል አክለውበታል። የጽሑፉ ጥያቄ ግልጽ ነው። በወሎ ከተሞች ወጥ ቤት ለሌለው መጠጥ ቤት የንግድ ፈቃድ አይሰጥ፤ አሁን ያሉት ግሮሰሪዎችም በአንድ ዓመት ውስጥ ምግብ ካልጀመሩ ይዘጉ፤ ምግብ ያላዘዘ ሰው አይቀመጥ፣ ቢራም አይከፈትለት።

ምክንያቶቹን ሳላጣምም ላስቀምጥ። በባዶ ሆዱ የጠጣ ሰው ቶሎ ይሰክራል፣ ሲሰክርም ይደባደባል፤ ምግብ ይህን ያበርዳል። አባቶቻችን ያለ ምግብ አይጠጡም ነበር፤ ግሮሰሪ የሚባለው ነገር ትናንት የመጣ ነው። የሠለጠኑት አገሮች መጠጥን ከምግብ ጋር አስረውታል። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተሳስቦ በሚኖርበት ምድር በየበሩ ድራፍት መቅዳት ነውር ነው፤ ምግብ ሲጨመርበት ግን ቤቱ የቤተሰብ መዋያ ይሆናል። ከግሮሰሪ ወጥቶ መሪ የሚይዝ ሾፌር በሐረጎ ቁልቁለት ላይ ሰው ይጨርሳል። በመጨረሻም ወጥ ቤት ሥራ ይፈጥራል። ጸሐፊው ይህን ሁሉ ያሉት በጨዋ አንደበት ነው፤ ጠጪውን አልተሳደቡም፣ ግሮሰሪ ከፍተው ልጆቻቸውን የሚያሳድጉትን ሴቶችም አላዋረዱም። እኔም በዚያው ልክ ልመልስ።

ከሆድ እንጀምር፤ ጸሐፊው እዚህ ላይ ግማሽ እውነት ይዘዋልና። አልኮል በብዛት ወደ ደም የሚገባው ከጨጓራ ሳይሆን ከትንሹ አንጀት ነው። ጨጓራ ውስጥ ምግብ ሲኖር መጠጡ ወደ አንጀት የሚወርደው ቀስ እያለ ስለሆነ፣ በደም ውስጥ የሚደርስበት ከፍተኛ መጠን ዝቅ ይላል። ይህን የሚክድ የለም። የምንከራከረው ግን ምግብ ስካርን ያዘገያል ወይስ አያዘገይም በሚለው ላይ አይደለም። የንግድ ፈቃድ ላይ የተጻፈ የምግብ ግዴታ ስካርን ይቀንሳል ወይ ነው ጥያቄው።

ሒሳቡን እንሥራው። 5 በመቶ አልኮል ያለው 330 ሚሊ ሊትር ቢራ 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል ይይዛል። የሰው አካል በሰዓት የሚያስወግደው ከ7 እስከ 10 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ ስምንት ቢራ የጠጣ ሰው 104 ግራም ጠጥቶ ነው የሚነሣው። ክትፎም ይብላ ሽሮ፣ ያ ሁሉ ከሰውነቱ እስኪወጣ ብዙ ሰዓት ይፈጃል፤ በሰዓት 10 ግራም ቢያስወግድ እንኳ ከ10 ሰዓት በላይ። ምግቡ የስካሩን ጫፍ ይቆርጥለታል እንጂ የጠጣውን አይቀንስለትም። ደግሞስ ራሱን ያላዞረው ሰው ምን ያደርጋል? ሌላ ያዛል። ቅዳሜ ከሰዓት የደሴ ሥጋ ቤቶች ውስጥ ቁርጥ የቀረበበትን ጠረጴዛ ያየ ሰው «ምግብ መጠጥን ይቀንሳል» ብሎ ለመጻፍ ይከብደዋል። ቁርጡ ቢራ ይጠራል፤ አዋዜውና ሚጥሚጣው ደግሞ ሁለተኛውን።

በተጨማሪም ጽሑፉ ግሮሰሪ የገባ ሁሉ ባዶ ሆዱን ነው ብሎ ይነሣል። በእኛ ከተሞች ግሮሰሪና ሥጋ ቤት ግድግዳ ተጋርተው የሚሠሩት ለምን ሆነና? ደንበኛው ጥብሱን ከጎረቤት ያዛል፣ ትሪው በር አቋርጦ ይመጣለታል፣ ሒሳቡን ለየብቻ ይከፍላል። ሥጋ ቆራጩ መጠጥ አይሸጥም፣ ግሮሰሪዋ ሥጋ አትሸጥም፤ ሁለቱም ያድራሉ። ጸሐፊው በሚፈልጉት ደንብ ይህች ግሮሰሪ ወጥ ቤት ስለሌላት ትዘጋለች፤ ደንበኞቿ ግን ጥብስ ሲበሉ ነው ያመሹት።

ወደ አባቶች ልለፍ። ጸሐፊው የሚያስታውሱት ድግስን ነው። በሠርግ፣ በተዝካር፣ በማኅበር ጠላ ከእንጀራ ጋር ይቀርባል፤ ልክ ናቸው። ጠላ ቤት ግን ድግስ ቤት አይደለም። በሩ ላይ በእንጨት ጫፍ ጣሳ የተደፋበት ቤት የገባ ሰው የሚቀርብለት ጠላ ነው፤ ባለቤቷ ደግ ከሆነች እፍኝ ቆሎ ወይም ንፍሮ ጣል ታደርግለታለች፣ ካልሆነችም አይቀየማትም። ጠጅ ቤትም እንደዚያው ነው፤ ብርሌ ሊይዝ የተቀመጠን ሰው «ምሳ ሳትበላ» ብሎ የመለሰ ጠጅ ጣይ አልሰማሁም። የአረቄ ቤቱንማ አናንሣው። በማለዳ አንዲት መለኪያ ቆሞ ጨልጦ ወደ ሥራው የሚሄድ ሰው ግሮሰሪ ሳይኖርም ነበረ። ኢትዮጵያ ውስጥ የመጀመሪያው የቢራ ፋብሪካ ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1915 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ መጠጥ ብቻ የሚቀዳበት ቤት ዕድሜው የት ደርሶ ነበር። አዲሱ ነገር ማቀዝቀዣው፣ የድራፍት ማሽኑና ጆሮ የሚበጥሰው ድምፅ ማጉያ ነው። በድምፅ ማጉያው ላይ ከጸሐፊው ጋር ነኝ።

ስለ ጠላና አረቄ ቤቶች ግን ጽሑፉ አንድ ቃል አልተናገረም፤ ይህ ዝምታ ትንሽ ነገር አይደለም። ብዙዎቹ በመኖሪያ ቤት ግቢ ያለ ንግድ ፈቃድ የሚሠሩ ናቸው፤ ፈቃድ የሌለውን ቤት ደግሞ በፈቃድ ደንብ መያዝ አይቻልም። ግሮሰሪው ሲዘጋ ጠጪው ሻይ መጠጣት አይጀምርም፤ ወደዚያ ግቢ ነው የሚሄደው። ሃምሳ ሚሊ ሊትር የምትይዝ መለኪያ፣ አረቄው 40 በመቶ ከሆነ፣ ወደ 16 ግራም አልኮል ትይዛለች። በአንድ ጉንጭ የምትወርድ መለኪያ ከአንድ ጠርሙስ ቢራ በለጠች ማለት ነው። ቢራው ላይ መቶኛው ተጽፏል፤ አረቄው ላይ የተጻፈ ነገር የለም። ጸሐፊው ለባዶ ሆድ የሚጨነቁ ከሆነ፣ ደንባቸው የሚገፋቸውን ሰዎች ተከትለው መድረሻቸውን ማየት ነበረባቸው።

አሁን ወደ ሠለጠኑት አገሮች። ጸሐፊው አየርላንድን፣ እንግሊዝንና የአሜሪካ ክፍላተ አገርን ጠርተዋል። አየርላንድ እ.ኤ.አ. በ2020 ክረምት ቢያንስ የ9 ዩሮ ምግብ የሚያቀርቡ መጠጥ ቤቶች ብቻ እንዲከፈቱ ፈቅዳ ነበር፤ እውነት ነው። እንግሊዝም በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ በአንዳንድ አካባቢዎች መጠጥ «ከሙሉ ምግብ» ጋር ብቻ እንዲቀርብ አዝዛለች። ሁለቱም ግን የኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ትእዛዞች ናቸው። ዓላማቸው ሰው እንዳይጨናነቅና ብዙ እንዳይቆይ ማድረግ ነበር፤ ስካርን ለመቀነስ የወጡ አይደሉም፣ ወረርሽኙ ሲያልፍም አልፈዋል። በእንግሊዝ የተነሣውን ክርክር ጸሐፊው ቢያነሡት ኖሮ ደግሞ አንባቢ ራሱ ይፈርድ ነበር። በሥጋ ተጠቅልሎ የተጠበሰ አንድ እንቁላል ምግብ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ላይ ሚኒስትሮች በየተራ ሲጠየቁ ሰነበቱ። አንዱ ምግብ ነው አለ፤ ሌላው የምግብ መክፈቻ ነው ብሎ ጀመረና በኋላ ሐሳቡን ለወጠ።

ከዚህ የሚብሰው ግን የቆየው ታሪክ ነው። የኒው ዮርክ ክፍለ አገር እ.ኤ.አ. በ1896 ባወጣው የሬይንስ ሕግ እሑድ መጠጥ መሸጥ የሚችሉት ሆቴሎች ብቻ ሆኑ፤ እነርሱም ለእንግዳ ከምግብ ጋር። ሆቴል ለመባል ደግሞ አሥር መኝታ ክፍል በቂ ነበር። ምን ሆነ? መጠጥ ቤቶች ፎቃቸው ላይ በሳንቃ አሥር ክፍል ከፋፍለው በአንድ ጊዜ «ሆቴል» ሆኑ። ምግቡም ተገኘ፤ ማንም የማይበላው አንድ ደረቅ ሳንድዊች ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ ሰውየው ጠጥቶ ሲነሣ ሳንድዊቹ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ይዛወራል። አሥሩ ክፍሎችም ባዶ አልተቀመጡም፤ ብዙዎቹ ለዝሙት አዳሪነት ዋሉ። ሕግ አውጪዎቹ ስካርን ሊቀንሱ ተነሥተው ሌላ ችግር ጨምረው ተመለሱ።

ይህ ደሴ ላይ እንዴት እንደሚሆን ለመገመት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። ፒያሳ ካለች አንዲት ግሮሰሪ ጓዳ ውስጥ ተቆጣጣሪ ሲመጣ የሚሞቅ የሽሮ ድስት ይጣዳል። በደረሰኙ ላይ «አንድ ሽሮ» የሚል መስመር ይጨመራል፤ ዋጋውም ቢራው ላይ ይደመራል። ተቆጣጣሪው አይቶ እንዳላየ ካለፈ፣ ለምን እንዳለፈ ሁላችንም እናውቃለን። በቨርጂኒያ ለብዙ ዓመታት የተቀላቀለ መጠጥ የሚሸጥ ምግብ ቤት ቢያንስ 45 በመቶ ገቢውን ከምግብና አልኮል ከሌለው መጠጥ ማግኘት ነበረበት። ይህን መዝግቦ የሚያጣራ ራሱን የቻለ የመንግሥት ተቋም አላቸው። እኛ ዘንድ መቶኛውን የሚቆጥረው ማን ነው? የንግድ ጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ ወይስ ደንብ አስከባሪው?

ጽሑፉ ያላነሣት አንዲት ምሳሌ ልጨምር። የአውስትራሊያዋ ኒው ሳውዝ ዌልስ እ.ኤ.አ. በ2008 ትንንሽ ቤቶች ያለ ምግብ መጠጥ እንዲያቀርቡ የሚያስችል ፈቃድ ሥራ ላይ አዋለች። እውነቱን ለመናገር የሲድኒ የሌሊት ጠብ በዚህ አልጠፋም፤ እ.ኤ.አ. በ2014 መንግሥት በከተማዋ እምብርት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል በኋላ አዲስ ሰው እንዳይገባ፣ ከ9 ሰዓት በኋላም መጠጥ እንዳይቀዳ የሚከለክል ጥብቅ ሕግ አወጣ። ከዚያ ሕግ ነጻ ከተደረጉት መካከል ግን እስከ 60 ሰው የሚይዙት ትንንሾቹ ቤቶች ነበሩበት። መንግሥቱ የጠቡን ምንጭ ሲፈልግ ትንሿን ቤት አልያዘም፤ ትልልቆቹን ያዘ።

ስለ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ የተባለው ረዘም ያለ መልስ ያስፈልገዋል፤ ወሎን ወሎ ያሰኘው ይህ ጉዳይ ነውና። መስጊድ አጠገብ፣ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ ትምህርት ቤት በር ላይ መጠጥ ቤት አይከፈት ማለታቸውን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። ይህ የርቀት ደንብ ነው፤ በሜትር ተለክቶ ይጻፍ። ነገር ግን መስጊድ ፊት ለፊት የሚቀዳ ድራፍት፣ አጠገቡ ጥብስ ስለተጠበሰ ነውርነቱ የሚቀረው በምን ሒሳብ ነው?

ወጥ ቤቱ እንዲያውም አዲስ ጥያቄ ይዞ ይመጣል፤ ሥጋው የማን ነው? እኛ አገር ሁለት ዓይነት ሥጋ ቤት አለ፤ ምልክቱን ከሩቅ አይቶ ሁሉም ወደየራሱ ይገባል፣ በዚህም የሚቀየም የለም። መጠጥ ብቻ የሚቀዳበት ቤት ይህን ጥያቄ ጭራሽ አያነሣም። ከድር አምቦ ውሃ ይይዛል፣ ጓደኛው ተስፋዬ ድራፍት፤ የሰፈር ኳስ ሲከራከሩ ያመሻሉ። አንድ ቤተሰብ ውስጥ ሁለቱም ሃይማኖት ባለበት በወሎ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ጸሐፊው «ምግብ ያላዘዘ አይቀመጥ» ሲሉ ከድርን ነው የሚያስወጡት፤ ወጥ ቤቱ ውስጥ ያለው ቢላዋ የእርሱ አይደለማ። በቡና፣ በብርዝ፣ በቀሪቦ ሲያስማማ የኖረ ሕዝብ መጠጡን ለየራሱ መያዝ ያውቅበታል። ገበታውን አስገድዶ አንድ ማድረግ ግን ማንም ያልጠየቀው ነገር ነው።

«የቤተሰብ መዋያ» የሚለውን ሐሳብ ደግሞ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ሕፃናት መጠጥ እያዩ እንዳያድጉ በአንድ አንቀጽ ያሳስባሉ፤ በሚቀጥለው አንቀጽ መጠጥ የሚሸጥ ቤት ሁሉ እናትና ልጅ ለምሳ የሚገቡበት ይሁን ይላሉ። ሁለቱ አብረው አይሄዱም። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል መሸጥን ከልክሏል። ግሮሰሪ ውስጥ የ16 ዓመት ልጅ ከታየ ሁሉም ሰው ዞር ብሎ ያየዋል፣ እዚያ ሌላ ጉዳይ የለውምና። ምግብ ቤት ውስጥ ግን ያው ልጅ በየዓይነቱ ሊበላ የገባ ደንበኛ ነው፤ ጠርሙሱ ከፊቱ ይሁን ከአጎቱ ፊት ማን ይለያል? ለልጅ የሚያስብ ሰው መጠጥ ቤቱንና ምግብ ቤቱን መለየት ነው የሚሻለው።

ሐረጎን በተመለከተ፣ ፍርሃታቸው ፍርሃቴ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚጠመዘዘውን ያን ቁልቁለት በሌሊት የወረደ ሰው፣ ከፊቱ የሚመጣው ከባድ መኪና ሾፌር ምን ጠጥቶ ይሆን ብሎ ሳያስብ አይቀርም። ግን ከላይ ያለውን ሒሳብ መልሰው ይዩት። ከሁሉም የሚያሰጋው ሾፌር በደንብ የበላው ነው፤ «በልቻለሁ፣ ምንም አልሆንኩም» ብሎ በሙሉ ልብ ቁልፍ የሚያነሣው። ሾፌር የሚያዘው በትራፊክ ፖሊስና በትንፋሽ መለኪያ መሣሪያ ነው። መሣሪያው ደግሞ ሆድ ውስጥ ምን ምግብ እንዳለ አይጠይቅም። ከዚህም በላይ የጅቡቲ መንገድ ሾፌሮች የሚያርፉት አልጋም ወጥ ቤትም ባላቸው ቤቶች ነው፤ የጸሐፊው ደንብ እነዚያን ቤቶች ጨርሶ አይነካቸውም። የሚነካው የሰፈሩን ግሮሰሪ ነው፤ ደንበኛው በእግሩ መጥቶ በእግሩ የሚመለስበትን።

የሥራ ዕድል ለሚለው አጭር መልስ ይበቃል። ወጥ ቤት ማለት ተጨማሪ ክፍል፣ የውሃና የፍሳሽ መስመር፣ ጭስ ማውጫ፣ ምጣድ፣ ምግብ አብሳይ፣ የሠራተኞች የጤና ምርመራ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ስንት ቤት ተዘርፎ ባዶ እንደቀረ እናስታውሳለን። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ኑሮውን መልሶ የጀመረው በአንድ ማቀዝቀዣና በጥቂት ሳጥን ቢራ ነው። ለእነዚህ ሰዎች «ወጥ ቤት ሥሩ ወይ ዝጉ» ማለት ዝጉ ማለት ብቻ ነው። ወጥ ቤት ለመሥራት አቅም ያለው ደንበኞቻቸውን ይረከባል፤ ጸሐፊው ሥራ ተፈጠረ የሚሉት ያኔ ከሆነ፣ የጠፋውንም ይቁጠሩልን።

አንድ ነገር ሳልመልስ እንዳላልፍ። ጸሐፊው «ግሮሰሪ በዝቷል» ያሉት ከክርክራቸው ሁሉ የጠነከረው ነው፤ ሲገርም አንድ መስመር ብቻ ሰጥተውታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ለአገሮች ያቀረባቸው አምስት እርምጃዎች ይታወቃሉ፤ የመጠጥን በየቦታው መገኘት መገደብ፣ ጠጥቶ ማሽከርከርን መቆጣጠር፣ ለተጎዱ ሰዎች ምርመራና ሕክምና ማመቻቸት፣ ማስታወቂያን መከልከል፣ በግብር ዋጋን ማስወደድ። የምግብ ግዴታ ከአምስቱ ውስጥ የለም። የመጀመሪያው ግን የጸሐፊውን ጭንቀት ይደግፋል፤ መጠጥ በየበሩ ሲገኝ ጉዳት ይጨምራል። እኛም በማስታወቂያው በኩል በዚያው አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ራዲዮና ቴሌቪዥን ላይ ዘግተናል፤ በግብሩ በኩል በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 የኤክሳይስ ታክሱ ተሻሽሏል። የቀረው ሰዓትና ርቀት ነው፤ እርሱ ደግሞ በከተማ አስተዳደር እጅ የሚሠራ ሥራ ነው።

እንግዲህ በዝቷል ከተባለ ቁጥሩ ይወሰን፤ በአንድ ቀበሌ ስንት መጠጥ ቤት እንደሚበቃ ይጻፍ። የመዝጊያ ሰዓት ይኑር፣ ድምፅ ማጉያ ከበር ውጭ አይሰማ፣ መጸዳጃ ቤት የሌለው ቤት አይከፈት፣ ሰክሮ ለሚንገዳገድ ሰው የቀዳ ይቀጣ፣ ዕድሜ ያልጠየቀ ፈቃዱን ይነጠቅ። ጸሐፊው ይህን ጽፈው ለከተማው ምክር ቤት ቢያቀርቡ ፊርማዬን ከፊርማቸው ሥር አኖራለሁ፤ ደንቡ ሰገነት ላይ ወጥ ቤት ላለው ሆቴልም፣ አራት ወንበር ላላት ግሮሰሪም እኩል እስከተጻፈ ድረስ።